ሁሉም ውኃ ሃይላንድ፣ ሁሉም ጉሮሮ ቶንሲል

በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከምንቀናባቸው ስሞች አንዱ ሃይላንድ ነው። የታሸገ ውኃ በአገራችን ሲለመድ አብሮ የተለመደው ስም እሱ ስለነበር፣ ዛሬም የፈለጋችሁትን ኩባንያ ውኃ ጠጥታችሁ ባዶውን ፕላስቲክ «ሃይላንዱን ጣለው» ትላላችሁ። የዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ፣ የጥርስ ሳሙና ሁሉ ኮልጌት፣ የንጽሕና መጠበቂያ ሁሉ ሞዴስ ነው። ሱቅ ውስጥ ይህ ማንንም አይጎዳም። ሃይላንድ ብላችሁ ሌላ ውኃ ቢሰጧችሁ ጥማችሁ ያው ይቆረጣል። ፋርማሲ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያም ሁሉን የሚጠቀልሉ ስሞች አሉን፦ ቶንሲል፣ ሳይነስ፣ አለርጂ፣ ብርድ፣ ምች።

በምኖርበት በጌጃ ሰፈር ፋርማሲ አይታጣም። ከልደታ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ዳቦውንም መድኃኒቱንም በአንድ መንገድ ይገዛል። ባለፈው ወር አንድ ምሽት ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረ አባት «የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ቶንሲሉ ተነሥቶበታል፣ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» አላት።

«ልጁስ የት አለ?»

«ቤት ነው፣ ተኝቷል።»

«ያስለዋል?»

«እሱን እናቱ ናት የምታውቀው።»

ፋርማሲስቷ ሐኪም አይቶት እንዲመጣ ነግራ ያለ መድኃኒት መለሰችው። ሰውየው ተናዶ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ሌላ ፋርማሲ እንደሚያገኝ እሱም፣ እሷም፣ እኔም እናውቃለን።

ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ስም ግን ትንሽ አውቃለሁ። ሰው ለችግሩ ስም ካወጣለት ግዢው ግማሽ አልቋል። ቤት ውስጥ «ቶንሲል ነው» ከተባለ በኋላ ወደ ፋርማሲ የሚኬደው ለመጠየቅ ሳይሆን ለመግዛት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ እነዚህ ስሞችና ከኋላቸው ስለሚደበቀው ነገር እናውራ። ከቶንሲል እንጀምር፤ ብዙ ጊዜም የምንቆየው እሱ ላይ ነው።

ቶንሲል የበሽታ ስም አይደለም። ሁላችንም ጉሮሮ ውስጥ ግራና ቀኝ ያለ፣ አፍ ሲከፈት የሚታይ የሰውነት ክፍል ነው። በልጆች ላይ ከሚታየው የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው የሚመጣው በቫይረስ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ድርሻው ከአሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ያህል ነው። ልጁ የሚያስለው፣ ንፍጥ የሚያስቸግረው፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ዓይኑም የቀላ ከሆነ ነገሩ ወደ ቫይረስ ያደላል። ለቫይረስ አሞክሳሲሊን ምንም አይሠራም፤ ፈሳሽ፣ እረፍትና የትኩሳት ማስታገሻ ይበቃዋል። በድንገት የጀመረ ትኩሳት፣ ሲውጡ የሚያም ጉሮሮ፣ ከመንጋጋ ሥር ሲነኩት የሚያም እብጠት፣ ያበጠ ወይም ነጭ ነገር የያዘ ቶንሲል ካለና ሳል ከሌለ ግን፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለ ልጅ ላይ፣ ባክቴሪያውን ያስጠረጥራል። ይህን የሚለየው የልጁን አፍ ከፍቶ፣ አንገቱን ዳብሶ፣ ሲያስፈልግም አስመርምሮ ያየ ሰው ነው። በስልክ የሚለይ የለም፤ ልጁን ቤት አስተኝቶ የመጣ አባት በሚነግረው ብቻም አይለይም።

«ጉሮሮ ነው፣ መዳኑ አይቀርም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጉሮሮው ይድናል። ጣጣው የሚመጣው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰውነት ስትሬፕቶኮከስን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ማጥቃት ይጀምራል። ጉልበት ያብጣል፤ በቀናት ውስጥ ይለቅና ወደ ቁርጭምጭሚት ይሄዳል፤ ከዚያ ክርን ይሆናል። እዚህም ላይ የተዘጋጀ ስም አለን፦ «ብርድ መትቶት ነው» ወይም «እያደገ ስለሆነ ነው»። ቅባት ይታሻል፣ ሕመሙም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ላይጠፋ ይችላል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጉዳቱ እየጨመረ ሄዶ፣ ከዓመታት በኋላ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መውጣት ያቃታት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ወይም በመጀመሪያ እርግዝናዋ ትንፋሽ ያጠራት ወጣት ሆኖ ብቅ ይላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ሀብታም አገሮች ከሞላ ጎደል ረስተውታል። እኛ አገር ግን ዛሬም የልጆችንና የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱ ሕመሞች ግንባር ቀደሙ ነው።

ከሰፈራችን ብዙም በማይርቀው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዓመታት ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲልክ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ማዕከሉ እዚሁ ተከፈተ። እዚያ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከመወለዳቸው ጀምሮ የልብ ችግር የነበረባቸው አሉ፤ ለዚያ ማንም ወላጅ ሊያደርግ የሚችለው አልነበረም። የሌሎቹ ግን በጉሮሮ ነው የጀመረው። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደ፣ ደሙን በየጊዜው እያስመረመረ ነው የሚኖረው።

ይህን የምነግራችሁ እንድትደነግጡ አይደለም፤ መከላከያው ቀላል ስለሆነ ነው። ሕክምናው ፔኒሲሊን ወይም የቅርብ ዘመዱ አሞክሳሲሊን ነው፤ ሁለቱም የቆዩ፣ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። ጉሮሮው መታመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ የልቡን ጉዳት መከላከል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ጊዜ አላችሁ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ፋርማሲ ማንኳኳት አያስፈልግም። የሚዋጠው ለ10 ቀን ነው፤ አለበለዚያ አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ አለ። ልጅ በሦስተኛው ቀን ድኖ ኳስ ይጫወታል፤ የቀረው መድኃኒትም «ለታናሹ ይሆናል» ተብሎ ፍሪጅ ላይ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ግን ገና ጉሮሮው ውስጥ ሊኖር ይችላል። የፋርማሲው አባት የጠየቀው መድኃኒት እኮ ለልጁ ትክክለኛው ሊሆን ይችል ነበር። በስም ብቻ ከተገዛ ግን ቫይረስ የያዘው ልጅ የማያስፈልገውን ይውጣል፣ ባክቴሪያ የያዘው ደግሞ የሚያስፈልገውን አጋምሶ ይተዋል። ሩማቲክ አንዴ የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ለዓመታት ይታዘዝለታል። ልጁ ደህና ስለመሰለ ብቻ የሚቀር መርፌ አይደለም።

«በቃ ይቆረጥለት» የምትሉም አላችሁ። ሐኪሞች ቶንሲል ለማውጣት የሚያስቡት ሕመሙ በአንድ ዓመት ሰባት ጊዜ ያህል፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ዓመት በየዓመቱ አምስት ጊዜ ሲመላለስ፣ አለበለዚያም ልጁ ሲተኛ እያንኮራፋ ትንፋሹ ሲቋረጥ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። አያቶች በቅንነት የሚመክሩት ቢሆንም የጉሮሮ ሕመምን አይከላከልም፤ ያደማል፣ ያመረቅዛል፣ ሕፃንም ሞቶበታል። አፉን መክፈት ያቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት የሚያዝረበርብ ወይም ለመተንፈስ የሚታገል ልጅ ካለ ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ አንድ ልመና አለኝ። «ቶንሲል ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ስሙን ቤት ትታችሁ ያያችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፦ «ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ይተኩሰዋል፣ ሳል የለውም፣ እንጀራ መዋጥ አቅቶታል፣ አምና በዚህ ወቅት ጉልበቱ አብጦ ነበር።» ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ልብ ልታድን ትችላለች። የሰጣችሁት መድኃኒት ካለም ካርቶኑን ያዙ።

ጆሮ ላይ ስሙ «መግል» ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ከቤት ወደ ቤት ይለያያል። የሞቀ ዘይት የሚያንጠባጥብ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚጨምቅ አለ፣ የእናት ጡት ወተት የሚል አለ። ከጆሮ የሚወጣ ፈሳሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ብዙ ጊዜ የጆሮ ታምቡር ተበስቷል ማለት ነው፤ በዚያ ቀዳዳ የምትጨምሩት ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዓይን ወይም ለሌላ ሰው ታዝዞ የነበረ ጠብታም ቢሆን ያው ነው፤ ጄንታማይሲንን የመሰሉ ጠብታዎች በተበሳ ታምቡር አልፈው የመስማት ነርቭን ሊጎዱ ይችላሉ። ሕክምናው ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ እያደረቁ ሐኪሙ የመረጠውን ጠብታ መጨመር፣ ሲታጠብም ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። ከጆሮው ኋላ አብጦ ጆሮውን ወደ ፊት የገፋው ልጅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት አለበት።

ከመግሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ አያምም፣ አይፈስም፣ መስማትን ግን ይቀንሳል። ልጁ ቴሌቪዥን ይጠጋል፣ ድምፅ ይጨምራል፣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ በአራተኛው «አቤት» ይላል። እኛ ደግሞ «አልሰማ ባይ»፣ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» እንለዋለን። የትምህርት ቤቱ ሪፖርት «በክፍል ውስጥ አይከታተልም» የሚል ከሆነ ከቁጣ በፊት ጆሮው ይታይ። አብዛኛው በጥቂት ወራት በራሱ ይለቃል፤ ከሦስት ወር ያለፈው ክትትል ይፈልጋል።

በአፍንጫ ብዙ አልቆይም። «ሳይነስ አለብኝ» ከሚሉ ሰዎች የብዙዎቹ ራስ ምታት ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። አፍንጫ የሚከፍተው ጠብታ ከሳምንት በላይ ሲወሰድ ራሱ አፍንጫ መድፈን ይጀምራል፤ ጠርሙሱን ከቦርሳ ማውጣት ያቃታቸው የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ትንሽ ልጅ ከአንዱ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣው፣ ሳይነስም ጉንፋንም ከማለታችሁ በፊት የከተተው ነገር እንዳለ ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ አተር፣ ባቄላ ወይም ስፖንጅ ይሆናል። የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ ግን በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል፤ ነገ አይባልም። ጆሮ ውስጥ ለገባ እህል ደግሞ ውኃ አትጨምሩ፤ ያብጥና አልወጣም ይላል።

ወደ ዓይን እንምጣ። አቧራ ባለበት ሰፈር ልጆች፣ ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ፣ ዓይናቸውን ሲያሹ ይውላሉ። ይቀላል፣ ያሳክካል፣ እንደ ክር የሚጎተት ዝልግልግ ነገር ይወጣዋል። ስሙ አለርጂ ነው፤ እዚህ ላይ ስሙ እንኳ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ጠብታው ላይ ነው። አንዳንዱ ጠብታ ዓይኑን በሦስት ቀን ነጭ ያደርገዋል። እንደ ገበያ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርት አላውቅም፤ በመጀመሪያው አጠቃቀም ውጤቱ የሚታይ፣ ደንበኛው ራሱ ተመልሶ የሚገዛው። ካርቶኑ ላይ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም እየተከታተለ ለአጭር ጊዜ ሲያዘው ጠቃሚ ነው። ወላጅ በራሱ ለወራት እየደጋገመ ሲገዛው ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ግፊቱ አያምም። ግላኮማ ሆኖ የወሰደው እይታ ደግሞ በምንም አይመለስም። አለርጂው ልጁ ሲጎረምስ ሊተወው የሚችል ነገር ነበር። ለማሳከኩ ስቴሮይድ የሌላቸው ጠብታዎች አሉ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅም ያስታግሳል። ዓይኑ የሚያም ከሆነ፣ ብርሃን ካስፈራው፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ጠብታ መሞከር ይቁምና የዓይን ሐኪም ይየው። በስልካችሁ ፍላሽ ባነሣችሁት ፎቶ ላይ ደግሞ የሕፃኑ አንዱ ዓይን ቀይ ሆኖ ሌላኛው መሐሉ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ፎቶውን ሳታጠፉ ይዛችሁ ሂዱ። የዓይን ነቀርሳ በትንንሽ ልጆች ላይ ራሱን የሚያሳየው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ በጊዜ ሲደረስበትም ይድናል። ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም።

ይኸው ስቴሮይድ ቅባት ሆኖ ቆዳችን ላይም ይገኛል። ችፌ ላይ ሐኪም ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ጭርት ላይ ሲቀባ ግን መቅላቱንና ማሳከኩን ያጠፋና «ዳነ» ያሰኛል፤ ፈንገሱ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፣ መልኩንም ስለሚቀይር ሐኪሙ ራሱ ለመለየት ይቸገራል። ፊት ለማቅላት የሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥም ያው ስቴሮይድ አለ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ስታቆሙት ፊት ይቆጣል። የልጅ ራስ ላይ የወጣ ቆረቆር ደግሞ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እከክ ከሆነ አንዱን ልጅ ብቻ ማከም ገንዘብ መጣል ነው። ሠራተኛዋን ጨምሮ አንድ ቤት የሚያድር ሁሉ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ በአንድ ቀን ይታከማል። ቋቁቻ ወይም ለምጽ የመሰለ፣ ነገር ግን ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ካያችሁ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። አገራችን ውስጥ ዛሬም በየዓመቱ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ቀድሞ ከተወሰደም ምንም ጉዳት ሳይተው ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚሁ በሽታ የተቋቋመው የዘነበወርቁ አለርት ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ሪፈራል ሆስፒታል ነው።

ለስም ውበት ሽልማት ቢኖር አልማዝ ባለጭራን የሚቀድም አይገኝም። በቀለም የሚያክሙት፣ በምራቅ እንትፍ የሚሉበት አሉ። በልጅነት የወጣብን ጉድፍ ቫይረሱ ሳይጠፋ ነርቭ ሥር ተደብቆ ቆይቶ፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲደክም በአንድ ጎን ብቻ ውኃ የቋጠረ መስመር ሆኖ የሚወጣበት ሕመም ነው። የቫይረስ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ባሕላዊውን እየሞከርን የምናሳልፈውም በትክክል ያንን ሦስት ቀን ነው። ግንባር ላይ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ወደ ዓይን ሊገባ ስለሚችል በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይፈልጋል።

የመጨረሻው ስም ያለው እዚህ ከተማ አይደለም። ከዓለም አገሮች ከባዱን የትራኮማ ሸክም የተሸከመችው ኢትዮጵያ ናት፤ ከክልሎቹም አማራ ክልል ክፉኛ ተጠቅቷል። በልጅነት በተደጋጋሚ የያዘ ትራኮማ የዓይን ቆብን ከውስጥ እያጠበሰ ሄዶ በጉልምስና ሽፋሽፍቱን ወደ ዓይን ያዞረዋል፤ እያንዳንዱ እርግብግቢት የዓይኑን መስታወት ይፍቀዋል። ብዙ እናቶች «ፀጉር ገባብኝ» ብለው በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ እይታው ግን አይመለስም። ቆቡን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ይሠሩታል፣ በዚያው ቀንም ወደ ቤት ይመለሳሉ። የሠለጠኑ ነርሶች በየገጠሩ ጤና ጣቢያ በነጻ ይሠሩታል። ክረምት ላይ ልጆቹን ይዛችሁ ጎጃም ወይም ጎንደር ስትሄዱ፣ አያታቸው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ወረንጦ ቋጥረው ካያችሁ፣ ለምን እንደያዙት ጠይቋቸው።